ባለ 5 ኢንች ሴንኮ፦ ቶሎ የሚቀደደው ትል ዋጋው ያዋጣል?

ሴንኮ የሚባለው ትል መሰል የአሣ ማጥመጃ ማባበያ ከከረጢቱ ሲወጣ ዓይን የሚስብ ነገር የለውም። ከእስክሪብቶ ትንሽ ወፈር ያለ፣ ሁለት ጫፉ የሾጠጠ፣ ዓይንም ክንፍም ጅራትም ያልተሠራለት የፕላስቲክ ዱላ ነው። ሲይዙት ጣት ላይ ዘይት ይተዋል፣ ሲያሹት ጨው ጨው ይላል። አጠገቡ ዓይን የተሳለባቸውና የሚያብረቀርቁ ማባበያዎች ተሰቅለው እያለ ለዚህ ከ8 እስከ 9 ዶላር መክፈል ለአዲስ ሰው ቂልነት ነው የሚመስለው። የጌሪ ያማሞቶ ኩባንያ ሴንኮ ግን ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ባስ የሚባለውን አሣ ከሚያጠምዱ አሜሪካውያን ሳጥን ጠፍቶ አያውቅም። ሌሎቹ አምራቾችም አንድ በአንድ የየራሳቸውን ቅጂ አውጥተውለታል።

እዚህ የምንገመግመው ባለ 5 ኢንቹን ነው፤ 12.7 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ከዚህ ያነሱም የበለጡም አሉ። አንድ ከረጢት 10 ትል ይይዛል፤ አንዱ ትል እንግዲህ ከ80 እስከ 90 ሳንቲም ይወጣበታል። መለኪያችን ላርጅማውዝ (አፈ ሰፊ) ባስ፣ ውሃው ደግሞ የፖቶማክ ወንዝ የታችኛው ክፍልና በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ሐይቆች ናቸው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖር ሐበሻ ቅርቡ የባስ ውሃ ይኸው ነው።

የዕቃው ምስጢር ጨው ነው። ለስላሳ የፕላስቲክ ማባበያ የሚሠራው ፕላስቲሶል ከሚባል ፈሳሽ ነው፤ የፒቪሲ ዱቄት ከሚያለሰልሰው ዘይት ጋር ይደባለቃል፣ ይሞቃል፣ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈስሳል። እንዲሁ ብቻውን ከሆነ ከውሃ እምብዛም ስለማይከብድ ለመስጠም ይለግማል። ሴንኮ ውስጥ ብዙ ጨው ይገባል፤ ጨው ደግሞ ከውሃ ከእጥፍ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ ባለ 5 ኢንቹ ምንም የእርሳስ ክብደት ሳይጨመርበት 10 ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህ ክብደት ለመወርወር ይበቃል፤ ለመስጠምም ይበቃል። መሃሉ ላይ መንጠቆ ገብቶለት ሲጣል አግድም እንደተኛ ይወርዳል፤ ሲወርድም ሁለቱ ጫፎቹ በቀስታ ይርገበገባሉ። ማንም ሳይጎትተው ነው ይህን የሚያደርገው። ሣር ጥግ ተደብቆ ለሚጠብቅ ባስ ከላይ ወደ ታች የሚወርድና የማይሸሽ ምግብ ነው።

ጨው ግን በነፃ አይገባም። እያንዳንዱ ቅንጣት ፕላስቲኩን ውስጥ ለውስጥ ያሳሳዋል። ስለዚህ የሚያጠምደው ልስላሴ ራሱ ነው የሚቀደደው። መንጠቆ እንዲሁ መሃሉ ላይ ከተወጋ ብዙውን ጊዜ የአንድ ባስ ዕድሜ ነው ያለው። አንዳንዴ ያቺንም አያገኝም፤ ዘንጉን ሲያወናጭፉት ትሉ ለብቻው ይበርርና መንጠቆው ባዶውን ይቀራል። አሣው በደንብ በሚበላበት ጠዋት አንድ ከረጢት ከምሳ በፊት ሊያልቅ ይችላል። ሴንኮ ላይ የሚነሳው ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው፤ እውነትም ነው። መድኃኒቱ ግን ርካሽ ነው።

መካኒኮች ኦሪንግ የሚሉት ትንሽ የጎማ ቀለበት ነው መድኃኒቱ። ቀዳዳው ከትሉ ውፍረት በጥቂቱ የሚጠብ መሆን አለበት። በጣም ከጠበበ ወገቡን እንደ ሽቦ ይበላዋል፤ ከሰፋ ደግሞ በሁለተኛው ውርወራ ወደ ጫፍ ተንሸራትቶ ይወልቃል። ማስገቢያ ቱቦ አብሮ ይሸጣል፦ ቀለበቱን ቱቦው ላይ ታጠልቃላችሁ፣ ትሉን በቱቦው ውስጥ እስከ ግማሹ ትከታላችሁ፣ ከዚያ ቀለበቱን ገፋ አድርጋችሁ ወገቡ ላይ ትለቁታላችሁ። ትሉ ላይ ያለውን ለስላሳ ቀበቶ ታገኙታላችሁ፤ የቀረው ሰውነቱ ሸንተረር ሸንተረር ስለሆነ በጣት ይለያል። ቀለበቱ የሚቀመጠው ከዚያ ቀበቶ ወደ መሃል በሚያደላው ጠርዝ ላይ ነው። መንጠቆው ትሉን ሳይነካ በቀለበቱ ሥር ብቻ ያልፋል። ትንሽ ቆዳ ካልወጋሁ የሚል ሰው ቀለበቱን ለምን እንደገዛው አይገባንም።

አንድ እንከን አለው። በአንድ ቀለበት ሥር ያለፈ መንጠቆ ከትሉ ጋር ትይዩ ሆኖ ስለሚተኛ ጫፉ አንዳንዴ ራሱ ትሉ ላይ ይሰካል። ሁለት ቀለበት በመስቀል አሳልፎ፣ መንጠቆውን ሁለቱ በሚቋረጡበት ሥር ማስገባት ይህን ያስቀራል፤ ያኔ መንጠቆው ለትሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጎማው በፀሐይ ይደርቃል፤ ከሳምንታት በኋላ ሲሳብ የሚሰነጠቅ ከሆነ መጣል ነው። ኤሌክትሪሺያኖች ሽቦ የሚያለብሱበት በሙቀት የሚሸበሸብ ቱቦም 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ያገለግላል። አይወልቅም፤ ሲገባ ግን ያስቸግራል።

ይህ መሃሉን ይዞ የመጣል ዘዴ ዋኪ ሪግ ይባላል። ለእሱ የሚበቃው የመንጠቆ መጠን 1/0 ወይም 2/0 ነው፤ ቀጭን ሽቦ፣ ሰፋ ያለ ጉሮሮ። ወፍራም መንጠቆ ሁለት ጉዳት አለው፤ አወራረዱን ያፋጥነዋል፣ በቀላል ዘንግም የባስን አፍ ለመብሳት ያስቸግራል። ሣር ባለበት ከጫፉ ፊት ቀጭን የፕላስቲክ መከላከያ ያለውን ዓይነት ግዙ።

ስለ ዘንጉና ስለ ሪሉ (ስለ ክር ማጠንጠኛው) ብዙ ማለት አያስፈልግም። 7 ጫማ ርዝመት ያለው፣ ሚዲየም የሚባል ጥንካሬና ጫፉ ላይ የሚታጠፍ ስፒኒንግ ዘንግ፣ 2500 መጠን ያለው ሪል ይበቃል። በሁሉም መደብር ያለ ነገር ነው፤ መካከለኛ ዋጋ ያለው ከውዱ የሚያንሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ገንዘብና ጊዜ የሚገባው ክሩ ላይ ነው። ሪሉ ላይ ባለ 15 ፓውንድ ብሬድ (የተጎነጎነ ክር)፣ ጫፉ ላይ ደግሞ 2 ሜትር ያህል ባለ 8 ወይም ባለ 10 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን (ግልጽ ነጠላ ክር)፤ ፓውንዱ ክሩ የሚችለው ጭነት ነው። ብሬዱ ይንሳፈፋል፣ ቀለሙም ደማቅ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ስለሚመረጥ ከሩቅ ይታያል፤ ፍሎሮካርቦኑ ይሰጥማል፣ ውሃ ውስጥም ብዙ አይታይም። የብሬዱ መታየት ለዚህ ትል የግድ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብለን እናያለን። ሁለቱን ክሮች ድርብ ዩኒ በሚባለው ቋጠሮ ማያያዝ ለጀማሪ ቀላል ነው። ፍሎሮካርቦን በደረቁ ሲጠብቅ በግጭት ይሞቅና ይዳከማል፤ ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ክር ቋጠሮው አጠገብ ቢበጠስና ጫፉ እንደ አሳማ ጭራ ተጠቅልሎ ቢመጣ ቋጠሮው ተንሸራቷል ማለት ነው፤ ክሩን አትውቀሱት።

አጣጣሉ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ቆሮሶ እያጠመደ ያደገ ሰው እጁ የለመደው ሌላ ነው፤ ቆሮሶ በትንሽ አፉ ለቀም ለቀም ያደርጋል፣ ክሩ ይንዘረዘራል፣ እጅም ቶሎ ነጠቅ ማድረግ ይለምዳል። ባስ እንደዚያ አይበላም። አፉን በድንገት ይከፍትና ውሃውን ከነትሉ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ብዙ ጊዜ እጅ ላይ ምንም አይሰማም። የሚታወቀው በዓይን ነው፤ ለዚህ ነው ብሬዱ መታየት ያለበት።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ከታሰበው ቦታ አንድ ሜትር ያህል አሳልፋችሁ ወርውሩ። ትሉ ውሃ ሲነካ የሪሉን ሽቦ በእጅ መልሱ፣ የተንሳፈፈውን ትርፍ ክር ብቻ ሰብስቡ፣ ከዚያ ዘንጉን ዝቅ አድርጋችሁ ተዉት። ክሩ ላላ ብሎ መቆየት አለበት። ከተወጠረ ትሉ ቀጥ ብሎ መውረዱን ትቶ እንደ ፔንዱለም ወደ እናንተ ይወዛወዛል፤ ያኔ የተከፈለለት መርገብገብ ይጠፋል። መሬት እስኪነካ ጠብቁ። ከነካ በኋላ 5 ወይም 10 ሴኮንድ ጨምሩ። ቀጥሎ ዘንጉን ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ትሉን ከመሬት አንሱትና እንደገና በላላ ክር አውርዱት። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደገመ በኋላ ሰብስቦ ሌላ ቦታ መወርወር ነው፤ አብዛኛው ጉርሻ የሚመጣው በመጀመሪያው አወራረድ ላይ ስለሆነ ትሉን እስከ እግር ድረስ ማንፏቀቅ ጊዜ ማባከን ነው።

አወራረዱን መቁጠር ልመዱ። ጥልቀቱን በምታውቁት ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ አንዴ ጣሉትና አንድ ሜትር ለመውረድ ስንት እንደሚቆጠር ያዙ። ከዚያ በኋላ እስከ ስድስት መቁጠር የነበረበት ክር በሦስት ከቆመ ትሉ ባስ አፍ ውስጥ ነው። ሌሎቹ ምልክቶች ክሩ ላይ ትንሽ ዝላይ፣ ክሩ ወደ ጎን መሄድ፣ ወይም የነበረው ውጥረት ድንገት መጥፋት ናቸው። የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ባሱ ትሉን ይዞ ወደ እናንተ እየዋኘ ነው።

በዋኪ መንጠቆ ጊዜ ዘንጉን ወደ ሰማይ መንጨቅ አያስፈልግም። መንጠቆው ቀጭንና ክፍት ስለሆነ ትርፉን ክር በፍጥነት አጠንጥኖ፣ ክብደቱ ሲሰማ ዘንጉን ወደ ጎን ጠንከር አድርጎ መሳብ ይበቃል። የሚንጭቅ ሰው ወይ ቀጭኑን ክር ይበጥሳል ወይ መንጠቆውን ያቃናል። መዘግየት ደግሞ የባሰ ነው። ትሉ ለስላሳና ጨዋማ ስለሆነ ባስ ቶሎ አይተፋውም፤ ሁለት ሦስት ሴኮንድ የተሰጠው አሣ እስከ ጉሮሮው ይውጠዋል። ረጅም ፒንሳ ሳይያዝ በሴንኮ ማጥመድ አይገባም። መንጠቆው ጥልቅ ገብቶ የማይደረስበት ከሆነ ጉሮሮውን ከመቦጨቅ ክሩን አጠገቡ ቆርጦ አሣውን መልቀቅ ይሻላል።

ዋኪው የማይሠራበት ቦታ ግልጽ ነው፦ ጥቅጥቅ ያለ ሣር። ፖቶማክ ውስጥ ሀይድሪላ የሚባለው ሣር ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ተስፋፍቷል፤ በበጋ ጥልቀት የሌላቸውን ባሕረ ሰላጤዎች እንደ ምንጣፍ ይሸፍናል። ያለ መከላከያ የተከፈተ መንጠቆ እዚያ ውስጥ ሁለት ክንድ አይሄድም። መፍትሔው ቴክሳስ ሪግ ነው፤ መንጠቆው 4/0፣ አንገቱ የታጠፈ፣ ሆዱ የሰፋ ዓይነት። ጫፉን በትሉ አፍንጫ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብታችሁ በጎን አውጡት፤ ትሉን እስከ መንጠቆው አንገት ግፉት፣ መንጠቆውን አዙሩት። ከዚያ ወዲያውኑ አትውጉ። መንጠቆውን ከትሉ ጎን አንጠልጥሉና የሆዱ ጫፍ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍር ምልክት አድርጉበት፤ መውጊያው እሱ ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ብትሳሳቱ ትሉ ይጎብጣል ወይም ይወጠራል፤ የጎበጠ ትል ደግሞ ሲሳብ እንደ ቡሽ መፍቻ ይሽከረከርና ክሩን ያጠማዝዛል። ጫፉ በወዲያኛው ወገን ከወጣ በኋላ ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ ከቆዳው ሥር ብቻ ደብቁት። በጣት ሲዳበስ የማይይዝ፣ ሲጫኑት ግን ብቅ የሚል መሆን አለበት።

በዚህ አያያዝ መንጠቆው ፕላስቲኩን ሰብሮ መውጣት ስላለበት እዚህ ጠንከር ያለ አሳሳብ ያስፈልጋል። ዘንጉም ሚዲየም ሄቪ፣ ክሩም ወይ ባለ 15 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን ወይ ሣሩ ከበዛ ባለ 40 ፓውንድ ብሬድ መሆን አለበት። በዋኪው ቀጭን ዘንግ ቴክሳስ ሪግ የሚጥል ሰው ብዙ ጉርሻ ያገኛል፣ ጥቂት አሣ ያወጣል።

ፖቶማክ ከሐይቅ የሚለየው ውሃው በመሙላቱና በመጉደሉ ነው። የባሕሩ ሙላት እስከ ዋሽንግተን ድረስ ይደርሳል፤ ልዩነቱም በቀን ሁለት ጊዜ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ሲሞላ ባሱ ሣሩ ውስጥ ይበተናል፤ ሲጎድል ግን ትናንሽ አሣዎች ከሣሩ ስለሚወጡ እሱም ጠርዙ ላይና በጅረት መግቢያዎች ላይ ይሰለፋል። ለሴንኮ የሚመቹት የመጉደሉ የመጨረሻ ሁለት ሰዓታት ናቸው። ማታዎማን ክሪክም ሆነ ፖሂክ ቤይ ወደሚባሉት የወንዙ ማጥመጃዎች ከመሄድ በፊት የውሃውን ሰዓት በስልክ ማየት ቀለም ከመምረጥ ይበልጣል። ውሃው በኃይል በሚፈስበት ሰዓት ግን ክብደት የሌለው ትል ሳይሰጥም ይወሰዳል። ያኔ በቴክሳስ ሪጉ ላይ ከ2 እስከ 3.5 ግራም የሚመዝን ትንሽ፣ የጥይት ቅርጽ ያለው የተንግስተን ክብደት ከፊት ጨምሩ። ወይም የሚስማር ቅርጽ ያለውን ክብደት በትሉ ወፍራም ጫፍ ውስጥ ቅበሩና በቀለበት ያዙት፤ ኔኮ ሪግ ይባላል፣ አፍንጫው ተደፍቶ ጭራው ወደ ላይ እየተወዛወዘ ይወርዳል። ንፋስም እንደዚሁ ጠላት ነው። ክሩን እንደ ቀስት ያጎብጠዋል፤ የጎበጠ ክር ደግሞ ጉርሻን አያሳይም፣ ትሉንም ከቦታው ይጎትተዋል።

ቀለም ላይ መደብሩ ያደክማል፤ ዝርዝሩ በደርዘን የሚቆጠር ነው። ያማሞቶ ለቀለሞቹ ቁጥር ስለሚሰጥ ከስሙ ይልቅ ቁጥሩን መያዝ ይቀላል። 297 ጥቁር ብልጭልጭ ያለበት የዱባ አረንጓዴ ነው፤ አንድ ብቻ ግዙ ከተባለ እሱ ነው። 194 ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት የሐብሐብ አረንጓዴ፣ ለጠራ ውሃ። 021 ሰማያዊ ብልጭልጭ ያለበት ጥቁር፣ ከዝናብ በኋላ ፖቶማክ እንደ ሻይ በወተት ሲደፈርስ። በእነዚህ ሦስቱ ዓመት ማሳለፍ ይቻላል። ሮዝና ቢጫው አሣ የማይዝ ሆኖ አይደለም፤ የሚቀይሩት ነገር ግን ከአጣጣል ያነሰ ነው።

የውሃው ሙቀትም አለ። ባስ እንቁላል በሚጥልበት ወቅት፣ ውሃው ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ዋኪ ሴንኮን የሚያህል ነገር ማግኘት ይከብዳል። በበጋ ጠዋትና ማታ፣ ቀን ደግሞ በጀልባ ማቆሚያ ጥላ ሥር ይሠራል። ውሃው ከ10 ዲግሪ ሲወርድ ግን ሌላ ነገር ያዙ፤ አሣው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሲሆን ይህ ትል እስኪደርስለት መጠበቅ ትዕግሥትን ይጨርሳል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። አንዱን ትል ሦስት ጊዜ መጠቀም ይቻላል። መጀመሪያ በቴክሳስ ሪግ ይሥራ፤ የሚቀደደው አፍንጫው ነው። አፍንጫው ሲበላሽ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ በቀለበት ዋኪ አድርጉት። ወገቡ ሲያልቅ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፤ ያልተጎዳውን ግማሽ ራሱ ላይ የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው ክብደት ባለበት ትንሽ መንጠቆ ላይ አድርጉት፣ ኔድ ሪግ ይሆናል። ከዚያ የተረፈውን ቁርጥራጭ ውሃ ውስጥ አትጣሉ። አሣ ይውጠዋል፣ ሆዱ ውስጥም አይፈጭም። ባዶ ከረጢት ይዞ መመለስ ቀላል ነገር ነው። የተቀደደውን በላይተር አቅልጦ ማጣበቅም ይቻላል፤ ጭሱ ግን ጎጂ ስለሆነ ውጭ፣ ንፋስ ወደ ፊታችሁ በማይመጣበት በኩል ይሁን።

አቀማመጡ ላይ የሚበላሸው ከአሣ ከሚቀደደው አያንስም። ሴንኮ ከረጢቱ ውስጥ ከታጠፈ እንደታጠፈ ይቀራል፤ የታጠፈ ትል አይርገበገብም፣ ይሽከረከራል። ከረጢቱን አስተኝታችሁ አስቀምጡ። ከተጣመመ ከእሳት የወረደ የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ንከሩት፣ ዘርጋ አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስተኙት፤ ይቃናል። የተለያየ ቀለም አንድ ከረጢት ውስጥ አትቀላቅሉ፣ ጥቁሩ ሁሉንም ያቀልመዋል። በሐምሌ መኪና ውስጥ የተረሳ ከረጢት እርስ በርሱ ተጣብቆ ይጠብቃችኋል። መንጠቆ ላይ እንደተሰካ የሚያድር ትል ደግሞ ጨው ነውና መንጠቆውን በጥቂት ቀን ያዝገዋል። ስትጨርሱ ንቀሉት።

ሌላው የሚያናድድ ነገር የክር መጠማዘዝ ነው። ዋኪ የሆነ ትል በፍጥነት ሲሰበሰብ እንደ ፕሮፔለር ይሽከረከራል፤ ከ30 ወይም 40 ውርወራ በኋላ ክሩ ከሪሉ ላይ በቋጠሮ ይዘላል። ቀስ ብሎ መሰብሰብ ግማሹን ያስቀራል። ቀሪውን በብሬዱና በፍሎሮካርቦኑ መካከል የምትገባ ትንሽ ተሽከርካሪ ማያያዣ ትጨርሰዋለች።

ከተወዳዳሪዎቹ ጋር ሲነጻጸር? የዩም ዲንገር ርካሽ ነው፣ ይበልጥ ይጠነክራል፣ ቀስ ብሎም ይሰጥማል። ለሚማር ሰው፣ ለልጆችና ብዙ ትንንሽ አሣ ለሚነካካበት ኩሬ ከሴንኮ እሱን እናስቀድማለን። የበርክሊ ጄኔራል ሽታ አለው፤ አሣው ጨክኖ ባልጎረሰበት ቀን ይጠቅማል። የዚ-ማን ዚንከርዝ ኢላዝቴክ ከሚባል ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሚሠራ አንዱ ትል ከብዙ አሣ በኋላም አይቀደድም፤ በመንጠቆ ለማስገባት ግን እንደ ላስቲክ ያታግላል። ከሴንኮ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ከዋለ ደግሞ ሁለቱ ቀልጠው ሙጫ ይሆናሉ፤ ለየብቻ ይቀመጡ። በአወራረድ ግን፣ ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ጎን ለጎን ሲጣሉ፣ ተጨማሪ ክብደት ሳይደረግበት እንደ ሴንኮ ፈጥኖ ወርዶ ሁለቱንም ጫፍ የሚያርገበግብ የለም። አሣው መራጭ በሆነበት ቀን ልዩነቱ ይታያል፤ በደንብ በሚበላበት ቀን ግን ርካሹም እኩል ይይዛል። ሁለቱንም ይዞ መሄድ ነው የሚያዋጣው።

ሌላ ደንበኛ ደግሞ አለ፤ ስኔክሄድ። ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፖቶማክ ውስጥ የሚገኝ፣ ረጅምና ጥርሳም አሣ ነው፤ በአንድ ንክሻ ትሉን ለሁለት ይገምሰዋል። ትላችሁ በቢላ እንደተቆረጠ ሆኖ ከመጣ እሱ ነው። ወራሪ ዝርያ ስለሆነ ባለሥልጣናቱ እንዳይለቀቅ ያሳስባሉ፤ ሥጋው ደግሞ ነጭና ጥሩ ነው።

ባሱን ግን ለጾም ወጥ አድርጎ ከማሰብ በፊት ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ በሜሪላንድ የባሕር ሙላት በሚደርስበት ውሃ ከመጋቢት 1 እስከ ሰኔ 15 በፈረንጆቹ ወር አቆጣጠር ከ15 ኢንች በታች የሆነ ባስ ማስቀረት አይፈቀድም፤ ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ ልኩ 12 ኢንች ነው። ፈቃድ ለየግዛቱ ይለያያል፣ ደንቡም ስለሚቀየር በዓመቱ መጀመሪያ ማረጋገጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ ፒሲቢ በሚባለው ኬሚካል ምክንያት በዚህ ወንዝ አሣ አበላል ላይ የጤና ባለሥልጣናቱ ማሳሰቢያ አውጥተዋል፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት የሚሰጠው ደግሞ ይበልጥ ጥብቅ ነው። ማሳሰቢያውን ያነበበ ሰው ባሱን ወደ ውሃው ይመልሰዋል።

ለመጀመሪያ ቀን የሚያስፈልገው ከ25 ዶላር ብዙ አይዘልም፦ አንድ ከረጢት 297፣ አንድ የ1/0 ዋኪ መንጠቆ፣ አንድ የ4/0 ቴክሳስ መንጠቆ፣ ቀለበት ከነማስገቢያው። ሁለተኛ ቀለም መደርደሪያው ላይ ይቆይ። ሴንኮ በየአምስት ሴኮንዱ ማጠንጠን ለሚወድ፣ ሰፊ ውሃ በፍጥነት ማሰስ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም፤ እሱ ስፒነርቤይት (የሚሽከረከር ብረት ያለበት ማባበያ) ይግዛ። ክሩን እያየ ዝም ብሎ መቆም ለሚችል ግን ዋጋው ያዋጣል፤ ቀለበቱ እስካለ ድረስ።